ሙሉው መጠን፦ የዶክተር ጃኒ ቦናዶና ሕይወት

የዘንድሮው የመጽሔት ዝግጅት ኮሚቴ፣ ከየሙያው በሕይወት የሌለ አንድ ትልቅ ሰው መርጠን ታሪኩን እንድንጽፍ ሲጠይቀን፣ ከሕክምና ተመራቂዎች በኩል ያገራችን አንጋፋ ሐኪም ሕይወት ይጠበቅ እንደነበር አውቃለሁ። እነሱን የሚጽፍ አይጠፋም፤ እንዲያውም እጃቸው ሥር የተማሩት መምህራኖቻችን ቢጽፉት ያምራል። እኔ የመረጥኩት የሚላኑን ሐኪም ጃኒ ቦናዶናን ነው። በካንሰር ሕክምና ዓለም ስማቸውን የማያውቅ የለም። ከዚያ ሙያ ውጪ ለሆናችሁ ግን እንዲህ ልበላችሁ፦ እናታችሁ፣ እህታችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ቁስሏ ከዳነ በኋላ ደግሞ ኬሞ እንድትወስድ ታዝዞላት ከሆነ፣ ያ ትእዛዝ ከእሳቸው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቦናዶና በ1934 ሚላን ተወለዱ። እዚያው በሚላን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1959 ተመረቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ከዴቪድ ካርኖፍስኪ ጋር ሠሩ። ካርኖፍስኪን ሐኪሞች የሆናችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ታካሚው ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል ወይስ አልጋ ይዟል የሚለውን ከ0 እስከ 100 የምንሰጥበት መለኪያ በስማቸው ነው የሚጠራው። ያኔ ካንሰርን በመድኃኒት ማከም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ገና አልቆመም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጠውን ቆርጦ፣ ጨረሩም የሚችለውን አድርጎ ሲያበቃ፣ ተስፋ የተቆረጠባት ታካሚ ነበረች ወደ መድኃኒት ሰጪው የምትላከው። ቦናዶና ይህን ሙያ ይዘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ሚላኑ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመለሱ፤ የሥራ ዘመናቸውንም እዚያው አሳለፉ።

በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር ሕክምና ማለት በዋናነት ቢላ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንሱ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፉት ቀዶ ሕክምና፣ ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቶችን አንድ ላይ የሚያነሣ ነበር። ካንሰር ከጡት ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ሌላው አካል ደረጃ በደረጃ ይሄዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሰፋ አድርጎ የቆረጠ ይቀድመዋል ነው ነገሩ። ሴቲቱ ከማደንዘዣው ስትነቃ ደረቷ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ ታገኘዋለች፤ እያደርም ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ በብብቷ ንፍፊቶች ውስጥ ካንሰር የተገኘባት ሴት፣ ከዓመታት በኋላ በአጥንቷ፣ በጉበቷ ወይም በሳንባዋ ተመልሶ ሲመጣባት ማየት የተለመደ ነበር።

ታዲያ ጉበት ላይ የበቀለው ከየት መጣ? በፒትስበርግ በርናርድ ፊሸር የተባሉ ቀዶ ሐኪም፣ ካንሰሩ ገና ከጅምሩ በደም ተበትኖ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የቢላው ስፋት ብቻ አይወስነውም እያሉ ይሞግቱ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጠው ግንዱን ነው፤ ዘሩ ግን ቀድሞ ረግፏል እንደማለት ነው። በአላባማ ደግሞ ሃዋርድ ስኪፐር በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚገድለው የካንሰር ሴሎችን የተወሰነ ድርሻ እንጂ የተወሰነ ቁጥር እንዳልሆነ አሳይተው ነበር። ስለዚህ ሴሎቹ ጥቂት ሳሉ መምታት፣ በዝተው ዕጢ ከሆኑ በኋላ ከመምታት እጅግ ይሻላል። ከሁለቱ አንድ ነገር ይከተላል፦ መድኃኒቱ መሰጠት ያለበት ሴቲቱ ጤነኛ መስላ በምትታይበት ሰዓት ነው። ለመናገር ይቀላል። ነገር ግን ምንም በማያማት ሴት ደም ሥር ውስጥ ያን ዓይነት መርዝ የሚጨምር ሐኪም ማነው?

ቦናዶና መድኃኒት ሲይዙ ጀማሪ አልነበሩም። ፋርሚታሊያ የተባለው የጣሊያን መድኃኒት ኩባንያ፣ በደቡብ ጣሊያን ከካስቴል ዴል ሞንቴ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ባገኘው ረቂቅ ተሕዋስ አማካይነት ቀይ ቀለም ያላቸው የካንሰር መድኃኒቶች ሠርቶ ነበር። አንዱ በአድሪያቲክ ባሕር ስም አድሪያማይሲን ተባለ፤ ዶክሶሩቢሲን የምንለው ነው። በበሽተኞች ላይ ያለውን ውጤት ቀድመው ካጠኑት መካከል የቦናዶና ቡድን ነበረ፤ የጥናቱ ሪፖርትም በ1969 ወጣ። የእኛ ታካሚዎች ቀዩ ይሉታል። ሽንት እንደሚያቀላ፣ ፀጉር እንደሚወስድ ከእኛ በፊት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ልብን የመጉዳት ጠባዩን ግን እኛ ነን መጠበቅ ያለብን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በፖል ካርቦኒና በባልደረቦቻቸው እጅ አንድ የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር ነበረ፦ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል፣ በአጭሩ ሲኤምኤፍ። ሦስቱ የካንሰርን ሴል የሚያጠቁት በተለያየ መንገድ ነው። ሜቶትሬክሴት ሴሉ ለመባዛት የሚያስፈልገውን የፎሊክ አሲድ ሥራ ያግዳል። በ1957 ይፋ የሆነው ፍሎሮዩራሲል ደግሞ ከሴሉ የዘር ቁሳቁስ አንዱን መስሎ ገብቶ ያጭበረብረዋል። ሳይክሎፎስፋማይድ የናይትሮጅን መስተርድ ልጅ ነው፤ ናይትሮጅን መስተርድ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ። በ1935 እና በ1936 የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች በተከዜና በተምቤን በአያቶቻችን ላይ ያዘነቡት ጋዝ መሆኑ ነው። መርዙ የአጥንት መቅኒን እንደሚያደርቅ ያስተዋሉ ሰዎች ናቸው በኋላ የዚያን ዘመድ ወደ መድኃኒትነት የመለሱት። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንዱ መድኃኒት ያልገደለውን ሌላው ይገድላል፤ ጉዳታቸውም ሙሉ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ስለማይደራረብ ሰውነት ይችለዋል። የቅንብር ጥቅሙ ይኸው ነው። ካንሰሩ በተሰራጨባቸው ሴቶች ላይ ሲሞከር ዕጢን እንደሚያሟሽሽ ታይቷል። ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉት መስጠቱን ለመፈተን ግን በአሜሪካ ፈቃደኛ ማግኘት አስቸገረ። የፊሸር ቡድን በ1972 ጥናት ጀምሮ ነበር፤ ያም ቢሆን በአንድ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ነው። ካርቦኒ ፊታቸውን ወደ ሚላን አዞሩ። እዚያ ብዙ ታካሚ የሚያይ አንድ ተቋም አለ፤ ሐሳቡን የተቀበሉ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የተባሉ ቀዶ ሐኪም አሉ፤ መድኃኒቱን በጥንቃቄ የሚያስኬዱና እያንዳንዱን ነገር የሚመዘግቡ ቦናዶና አሉ። የጥናቱ ወጪ በአሜሪካ ተቋም ተሸፈነ። አሜሪካ ከፍላ ጣሊያን የሠራችው ጥናት ነው በአጭሩ።

ሥራው በሰኔ 1973 ተጀምሮ የታካሚዎች ምዝገባ በመስከረም 1975 አበቃ። የተመዘገቡት 386 ሴቶች ሁሉ ሰፊው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ሁሉም በብብት ንፍፊታቸው ካንሰር ተገኝቷል፤ ሌላ ቦታ ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 179ኙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምንም አልተጨመረላቸውም። 207ቱ ሲኤምኤፍ ወሰዱ፦ ሳይክሎፎስፋማይዱን ለ14 ቀን በአፍ፣ ሁለቱን በመጀመሪያውና በስምንተኛው ቀን በደም ሥር፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ በ28 ቀን እንደገና። 12 ዙር፤ አንድ ዓመት ለማለት ጥቂት ቢጎድል ነው።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ 179ኙ ነው። መድኃኒት የተነፈጉ ናቸው ወይ ነው ጥያቄው። አይደሉም። በ1973 የነበረው መደበኛ ሕክምና ቀዶው ነው፤ ያገኙት ዘመኑ አለኝ የሚለውን ነው። መርዙ ይጠቅም ወይም ይጉዳ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ናቸው የተበደሉት ብሎ የሚያስብ ቀዶ ሐኪምም ሞልቶ ነበር። ዕጣው የሐኪሙን ግምት ከመሀል አስወጣ። እኔ እንዲያውም ከ207ቱ እኩል ለ179ኙ ባለዕዳ ነን ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ውጤት በየካቲት 1976 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። በ27 ወራት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ብቻ ከተደረገላቸው 24 በመቶው ላይ ካንሰሩ ሲመለስ፣ ሲኤምኤፍ ከወሰዱት ግን የተመለሰባቸው 5.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጽሔቱ አብሮ ባወጣው ርእሰ አንቀጽ ሥራውን እንደ ትልቅ እርምጃ ተቀበለው፤ ዜናውም ከሕክምና መጽሔቶች አልፎ ሄደ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የቦናዶና ታሪክ የአንድ ደስ የሚል ቁጥር ታሪክ ይሆን ነበር። እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ተቺዎች 27 ወር ለጡት ካንሰር ምንም አይደለም አሉ፤ ልክም ነበሩ። ዓመታት ሲቆጠሩ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ መጣ። የወር አበባቸው ባልቆመ ሴቶች ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ሲቆይ፣ ባረጡት ላይ ግን ደበዘዘ። ቦናዶና ይህንንም አልደበቁም፤ መጥፎውን ቁጥር ከጥሩው እኩል አሳተሙት። መዝገቡን በመጠበቅ በኩል የባልደረባቸው የፒኑቻ ቫላጉሳ ድርሻ ትልቅ ነው። በጥናቶቹ የደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟን ታገኙታላችሁ። ታካሚን ለአሥርተ ዓመታት እየተከታተሉ የት እንደደረሰች ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ካርድ ክፍል ፊት ቆሞ የጠፋ ካርድ ያስፈለገ ሁሉ ይገባዋል።

ከዚያ ቦናዶና አንድ ጥያቄ አነሡ። ያረጡት ሴቶች በርግጥ መድኃኒቱ አልሠራላቸውም ወይስ በትክክል አልተሰጣቸውም? በጥናቱ ደንብ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ገና ከመነሻው መጠኑ ዝቅ ይደረግ ነበር። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ፣ ማቅለሽለሹ ሲበረታ ደግሞ ለብዙዎቹ ይቀነሳል፣ ይዘለላል። ቦናዶናና ቫላጉሳ እያንዳንዷ ሴት ከታዘዘላት ውስጥ ስንት በመቶውን እንደወሰደች አሰሉና በ1981 አሳተሙ። ቢያንስ 85 በመቶውን ከወሰዱት መካከል ካንሰሩ ሳይመለስባቸው 5 ዓመት የኖሩት 77 በመቶ ናቸው። ከ65 እስከ 84 በመቶ ከወሰዱት 56 በመቶ። ከ65 በመቶ በታች ከወሰዱት 48 በመቶ። ምንም ካልወሰዱት ደግሞ 45 በመቶ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደግማችሁ አንብቧቸው። ከሦስት እጅ ሁለቱን እንኳ ያልወሰደችው ሴት፣ ፀጉሯን አጥታ፣ አስመልሷት፣ ደሟ ወርዶ፣ ያገኘችው ነገር ምንም ካልወሰደችው እምብዛም አይለይም።

ይህ ትንተና ድካም አለው፤ ስታቲስቲክስ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ሳትሉኝ ልበል። ቡድኖቹ በዕጣ የተከፈሉ አይደሉም። መድኃኒቱን በሙሉ መጠን የቻለችው ሴት ከመጀመሪያውም ጠንካራዋ ልትሆን ትችላለች። ግን ጥያቄው በሌሎች እጅ በትክክለኛው መንገድ ተፈተነ፤ በ1994 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ1500 በላይ ሴቶችን በዕጣ ሦስት የመጠን ደረጃ ላይ መድቦ፣ ዝቅተኛውን ያገኙት በውጤት ወደኋላ እንደቀሩ አሳየ።

እኔ ሲኤምኤፍን የማስታውሰው ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ የ1981 ሠንጠረዥ ነው፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ ፊቴ የሚመጣው እሱ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ዕጢው ወጥቶላት፣ ቁስሉ ደርቆላት፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ ኬሞ ትጀምራለች። ሦስተኛው ዙር ላይ የዘመድ ፊት ይለወጣል፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ያልቃል፣ የአጨዳው ወቅት ይደርሳል። በዚያ ላይ ምንም አያማትም፤ የሚያማት መድኃኒቱ ነው። ቤተሰቦቿ አዝነው ትንሽ ቀነስ አድርጉላት ይላሉ። አንድ ወቅት በሠራሁበት ሆስፒታል ደግሞ አንዱ መድኃኒት ከመጋዘን ጠፍቶ፣ የተገኘው ብቻ ይሰጥ፣ ምንም ከማጣት ይሻላል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት የ1981ን ሠንጠረዥ ነው። መድኃኒቱ በሁለተኛው ሳምንት ተገዛ። በሠንጠረዡ ነው አልልም፤ ግን ቁጥር እያዩ ትንሽ ይሻላል ማለት ይከብዳል።

ደግሞ ወዲያ ማዶም አለ። መጠን ከጠቀመ ብዙ መጠን ይበልጥ ይጠቅማል ብለው፣ በ1980ዎቹና 90ዎቹ ሌሎች ሐኪሞች መቅኒን እስከሚያጠፋ ድረስ ኬሞ ሰጥተው የታካሚዋን የራሷን የመቅኒ ሴሎች መመለስ ጀመሩ። ብዙ ሺህ ሴቶች በዚያ መንገድ አለፉ። በዕጣ የተሠሩት ጥናቶች ሲደርሱ በሕይወት ከመቆየት አንጻር የተጠበቀው ጥቅም አልታየም። በጣም ጥሩ ውጤት ያቀረበው የጆሃንስበርጉ ጥናት ደግሞ በ2000 መዝገቡ ሲመረመር የተጭበረበረ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጥያቄ ላይ፣ የሚላንና የጆሃንስበርግ መዝገቦች እንዲህ ተለያዩ።

ቦናዶና ራሳቸው ሲበዛ ይሻላል ባይ አልነበሩም። ከ12 ዙር ጋር 6 ዙርን አወዳድረው ስድስቱ እኩል እንደሚሠራ ያሳዩት እሳቸው ናቸው፤ የሴቶቹን የመከራ ጊዜ በግማሽ ቀነሱት። ሙሉ መጠን እንጂ ረጅም መጠን አይደለም ቁም ነገሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኬሞውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሰጥተው ትልልቅ ዕጢዎችን በማሳነስ፣ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ሊወገድ የነበረ ብዙ ሴቶች ጡታቸው እንዲተርፍ አድርገዋል። ለሆጅኪን ሊምፎማ የምንሰጠው ኤቢቪዲ የተባለው የአራት መድኃኒቶች ቅንብርም የእሳቸው ነው፤ አድሪያማይሲን አንዱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ቅንብር ወጣቶችን አድኖ መካን ያደርግ ነበር፤ ኤቢቪዲ ያን ጣጣ በብዙ አቀለለው። የሆጅኪን ታካሚዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፣ ድነው አግብተው ወልደው ልጅ አዝለው ለክትትል ሲመጡ የክፍሉ ነርሶች በሙሉ ሥራ ይፈታሉ።

በ1995 የ20 ዓመቱ ውጤት ታተመ። ሲኤምኤፍ የካንሰሩን የመመለስ አደጋ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል፣ የመሞትን አደጋ ደግሞ ሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ1976 እንደታየው አስደናቂ አይደለም፤ ግን ከ20 ዓመት በኋላም ያልጠፋ ነው። በዚያው ዓመት ቦናዶና በአንጎላቸው ውስጥ ስትሮክ መታቸው። 61 ዓመታቸው ነበር። ከፊል ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸው ተጎዳ። ከኒው ዮርክ እስከ ሚላን በየመድረኩ ሲናገሩ ለኖሩ ሰው የንግግር መጎዳት ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

አልተዉም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ ጥናቶችን ማሳተም ቀጠሉ፤ ሐኪም ታካሚ ሲሆን ሕክምና ምን እንደሚመስልም መጻሕፍት ጻፉ። ለሠላሳ ዓመታት ሌሎች ሰዎች መከራውን እንዲችሉ ሲያሳምኑ የኖሩ ሰው፣ አሁን ራሳቸው የፊዚዮቴራፒውን መከራ በየቀኑ እንዲችሉ የሚለመኑ ሆኑ። ጣሊያንኛ አላነብም እንጂ እነዚያን መጻሕፍት ከጥናቶቻቸው ሁሉ አስቀድማቸው ነበር። ከተማሪዎቻችን ወይም ከምሩቃኖቻችን ጣሊያንኛ የሚችል ካለ፣ አንዱን እንኳ ወደ አማርኛ ቢመልስልን ውለታው ትልቅ ነው።

በ2005 የ30 ዓመቱ ክትትል በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። ከደራሲዎቹ መጀመሪያ የቦናዶና ስም፣ መጨረሻ የቫላጉሳ ስም አለ። ጥቅሙ አሁንም አልጠፋም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በስማቸው የጡት ካንሰር ሽልማት አቋቁሟል። ቦናዶና በመስከረም 2015፣ በ81 ዓመታቸው ሚላን ውስጥ ዐረፉ።

ሲኤምኤፍ ራሱ ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። አድሪያማይሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ከዚያ ፓክሊታክሴል ቦታውን ወስደዋል። አልፎ አልፎ ግን ልባቸው ቀዩን የማይችል ታካሚ ይመጣሉ። በዚህ ዓመት አንዲት እናት ኢኮካርዲዮግራማቸው ደካማ ሆኖ ሲገኝ ሲኤምኤፍ ጻፍኩላቸው፤ 6 ዙር። ልጃቸው ቀኖቹን በግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከብባ አምጥታ አሳየችኝ። አራተኛውን ባለፈው ማክሰኞ በሙሉ መጠን ወስደዋል።